እሳቱ ጎረቤት የዋለ ቀን

ኒኮራ ከወንበሩ ግማሽ ድረስ ተነሳና መልሶ ተቀመጠ።

ዋይማሪዬ አይታዋለች። ንግግሯን ጨርሳ፣ ወረቀቷን በሁለት እጇ እንደያዘች ማራኤ በሚሉት የመንደሩ መሰብሰቢያ ግቢ፣ በመመገቢያ አዳራሹ ፊት ቆማ ነበር። በዋይታሄ ሰው ቆሞ ሲናገር፣ ንግግሩ እንዳለቀ ከተቀመጡት አንዱ ይነሳና ዜማ ያወጣለታል፤ ሌላው ይቀበላል። ዜማው ለተናጋሪው እንደ ልብስ ነው። ልጅ ቢሆን፣ እንግዳ ቢሆን፣ ያወራው የማይረባ ቢሆን እንኳ ማንንም ራቁቱን አያስቀምጡም።

ለእሷ ግን ማንም አልተነሳም። ከኒኮራ በቀር፤ እሱም ግማሽ ድረስ።

የሻይ ውኃ የሚፈላበት ትልቁ በርሜል ብቻ ይንተከተካል። ከፊት ረድፍ የተቀመጡት አክስት ፒሪሂራ ሁለቴ ሳሉ፣ ከዘራቸውን ፈለጉ፣ ተነስተው ወጡ። እሳቸው ሲወጡ ሌሎቹም ሳህን እያነሱ፣ ወንበር እየጎተቱ ወደየሥራቸው ተበተኑ። በመጨረሻ የወጥ ቤቷ አዛዥ ሙሪ፣ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል እንዳደረገች መጣች።

«ካንጋሮዋ፣ ዳቦው እየቀዘቀዘ ነው። ነይ ብዪ» አለቻት። ዓይኗን ግን አላየቻትም።

ዋይማሪዬ የተጠበሰውን ዳቦ ይዛ ጥግ ተቀመጠች። ምን አጠፋሁ? ደጋግማ አሰበችው። የተወለደችው ከባሕር ማዶ፣ ብሪዝበን ነው፤ አባቷም እዚያው ነው ያደገው። ስለ ዋይታሄ ቤታቸው ውስጥ የነበረው ስሙ ብቻ ነበር። ቋንቋውን የተማረችው ከዩኒቨርሲቲ በኋላ፣ በማታ ክፍል ነው። ለዛሬው ንግግር አንዲቷን ዓረፍተ ነገር መታጠቢያ ቤት መስታወት ፊት ቆማ ስታጠና ሰንብታለች፤ በራሳቸው ቋንቋ ብትላቸው ደስ ይላቸዋል ብላ። ያለችውም ይህንን ብቻ ነው፦ «ከሁሉም በፊት፣ በአክስት ፒሪሂራ ቤት ያለው እሳት መጥፋት አለበት።»

ሥራዋ ቤት ማዳመጥ ነው። ከተራራው ሥር በማራኤው ዙሪያ የተደረደሩት የሽማግሌዎቹ የእንጨት ቤቶች ሙቀት በየት እንደሚያመልጣቸው፣ እርጥበት የት እንደሚታመቅባቸው እየለካች፣ ምን መታደስ እንዳለበት ለይታ ማስረከብ። በልጅነቷ በር ሲዘጋ ከሥሩ መዳፏን ዘርግታ የሚመጣውን አየር ትጠብቅ ነበር፤ እናቷ «ይህች ልጅ ምን እየጠበቀች ነው?» ትላት ነበር። አሁን ለዚያ ልማድ ይከፈላታል።

ቤቶቹን የሚከፍትላት ኒኮራ ነበር። በወቅቱ በግ ይሸልታል፤ ክረምት ሲሆን የማራኤውን ማገዶ ይፈልጣል። መጀመሪያ ቀን ቁልፍ ሰጥቷት ሊሄድ ሲል፣ «ቆይ፣ እጅህን እዚህ አድርግ» አለችው። ከግድግዳና ከወለል መጋጠሚያ ላይ አንድ ቀጭን ብርድ ጣቶቹን ላሳቸው። «ይኼ ሁሉ ጊዜ እዚህ ነበር?» አለ፣ እንደ ሕፃን ዓይኑን አፍጥጦ። ከዚያ ቀን በኋላ ቁልፍ ሰጥቶ መሄድ ቀረ። ሁለቱም መዳፋቸውን ግድግዳ ላይ እያስኬዱ ክፍል ለክፍል ይዞራሉ፤ አንዳንዴ ሁለቱ እጆች አንድ ስንጥቅ ላይ ይገናኛሉ፤ ማንም ቶሎ አያነሳም። ስለዚህ ጉዳይ ግን አንድ ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

የቀረው የአክስቱ የፒሪሂራ ቤት ብቻ ነበር። ሌሎቹ እሳት አልነበራቸውም፤ ይህኛው አለው።

ዳቦውን ጨረሰች። ጨው ይኑረው ስኳር አላወቀችም። ኒኮራ ጭራሽ ባይነሳ ኖሮ፣ አለች በልቧ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

*

በማግስቱ ጠዋት ሣሩ ሁሉ በውርጭ ነጥቷል። ኒኮራን ከማገዶው መጠለያ አገኘችው። የማኑካ ግንድ ያቆማል፣ ይፈልጣል፣ ይወረውራል። ስትመጣ አይቷል፤ ግን ሌላ ግንድ አቆመ።

«ቃሉን የሰጠኸኝ አንተ ነህ» አለችው።

«የምን ቃል?»

«'ማጥፋት በቋንቋችሁ ምን ይባላል?' ብዬ በስልክ ጻፍኩልህ። 'ቲኔይ' ብለህ መለስክልኝ። የሳቅ ምልክትም ጨምረህበታል።»

መጥረቢያው አየር ላይ ቀረ። «ለጉድጓዱ መስሎኝ ነዋ! ያን ቀን አዳራሹ ጀርባ ሥጋ ቀብረን እያበሰልን አልነበር? ፍሙን አጥፊ ተብለሽ የታዘዝሽ መሰለኝ።»

«ማን ያዘኛል?»

«ሙሪ። ሙሪ የማታዘው ማን አለ?»

ሳቋ ሊያመልጣት ነበር። በዚያም በራሷ ተናደደች።

ኒኮራ መጥረቢያውን ግንድ ላይ ሰክቶ ከጎኑ ተቀመጠ። «እዚህ ቀርቶ መሬቱን የያዘ ሰው ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?»

«አሂ ካ። የሚነድ እሳት።»

«ጎበዝ። ሄዶ ሳይመለስ የቀረውስ?»

አላወቀችም።

«የቀዘቀዘ እሳት ይባላል» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የልጅ ልጆቹም ካልተመለሱ፣ የዚያ ቤት እሳት ቀዘቀዘ ይባላል። መሬቱ ላይ ቃል አይኖረውም። አንቺ የማን ልጅ እንደሆንሽ ደግሞ አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፤ ስምሽን ሰምተው ነው ከመምጣትሽ በፊት የዘር ሐረግሽን የቆጠሩት። እና... የቀዘቀዘው ቤት ልጅ መጥታ፣ የሚነደውን አጥፉ አለች። የሰሙት ይህንን ነው።»

ዋይማሪዬን ከውርጩ ይልቅ ያ ዓረፍተ ነገር አንዘፈዘፋት። እንዴት ያለ ቃል ነው፣ አለች በልቧ፤ አንድ ቃል እንዴት የአራት ትውልድ ክብደት ተሸክሞ በአፌ ሲወጣ አልከበደኝም?

«አክስቴ እናቷ የሰጠቻትን እሳት እስከዛሬ አጥፍታው አታውቅም» ቀጠለ ኒኮራ። «እኔን ከእህቷ ወስዳ ያሳደገችኝም ለዚሁ ነው። ከእሷ በኋላ እኔ እንድይዘው።»

«አንተስ ምን ሰማህ?»

«እኔማ አንቺን ሰማሁ።»

«ታዲያ ለምን ተቀመጥክ?»

 አንገቱ ቀላ። ተነስቶ ሌላ ግንድ አቆመ።

«ቅዳሜ እሄዳለሁ» አለችው።

«አውቃለሁ።»

ልትሰማ የፈለገችው «አውቃለሁ» የሚለውን አልነበረም። እሱ እዚህ እሳት ጠባቂ ነው፤ የትም አይሄድም። እሷ ደግሞ እሳት አጥፉ ያለችው ሴት ናት፤ የት ትቆማለች? ይህንን ሁለቱም ያውቁታል፤ ስለዚህም መጥረቢያው ብቻ ይናገር ጀመር። ጀርባዋን ሰጥታ ስትሄድ እያንዳንዱ ምት በጀርባዋ በኩል ልቧ ላይ ያርፍ ነበር።

*

ወደ አክስት ፒሪሂራ ቤት የሄደችው ይቅርታ ጠይቃ ለመሰናበት ነው። በሩ ሳታንኳኳ ተከፈተ።

«ግቢ ግቢ፤ ብርዱን ይዘሽ አትቁሚብኝ። ዝጊው!»

ቤቱ ሞቋል፤ ግን ሙቀቱ እርጥብ ነው። መስኮቶቹ ዳር ዳሩን በሰፊ ፕላስተር ታሽገው መስታወቱ ላብ ያወርዳል፤ ሥሩ የተጠቀለለ ፎጣ ተደርጓል። ጣሪያው ጥግ ላይ ጥቁር ሻጋታ እንደ ጥላ ተዘርግቷል። መሐል ላይ፣ አፉ የማይገጥም አሮጌ የብረት ምድጃ ይነዳል። አክስት ፒሪሂራ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጡና ሳል ያዛቸው።

«አክስቴ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ...»

«ቆይ፣ እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ያ ቀይ ማራገቢያሽ ምን እንደሚሠራ ንገሪኝ። በየሰው በር ላይ ስትገትሪው በመስኮት አይሻለሁ። ሙሪን ብጠይቃት 'ቤቱን ያስነጥሰዋል' አለችኝ።»

ዋይማሪዬ ግራ ተጋባች። ተቆጥተው እንደሆነ ፊታቸውን ፈለገች፤ ያገኘችው ግን የምታውቀውን ነገር ነው፤ ከበር ሥር መዳፍ የሚያዘረጋውን ዓይነት ጉጉት።

«የቤቱን አየር ስቦ ወደ ውጭ ያወጣል» አለች። «ቤቱ አየር ሲያጥረው ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ከውጭ ይስባል። እኛ ያኔ ግድግዳውን እየዳሰስን በየት በየት እንደሚተነፍስ እናገኛለን።»

«እና እንዲተነፍስ ነው የምትፈልጊው፣ እንዳይተነፍስ?»

ይህንን እስከዛሬ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ወንበሯን ሳታስበው ወደ ሴትዮዋ ሳበች። «ሁለቱንም። በፈለግንበት እንዲተነፍስ፣ ባልፈለግንበት እንዳይተነፍስ።»

«እንደ ሰው ነዋ። በአፍንጫ እንጂ በጉልበት አይተነፈስም።» ጉልበታቸውን አሻሹ። «እኔ ግን ብርዱ እንዳይገባ ብዬ ነበር መስኮቱን ሁሉ ያሸግሁት።»

«ብርዱ የሚገባው ከወለሉ ነው፣ አክስቴ። በመስኮቱ መውጫ ያጣው የማሰሮው እንፋሎት፣ የልብሱ እርጥበት፣ የእርስዎም ትንፋሽ ነው። ሌሊት ሌሊት እዚህ ይከማቻል።» ወደ ጥቁሩ ጥግ አመለከተች።

አክስት ፒሪሂራ ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩት። «ጭሱ ነው እያልኩ ስሳደብ ኖርኩ» አሉ። «እሺ፣ እሳቴስ ምን አደረገሽ?»

«ምንም አላደረገኝም!» ድምፏ ከፍ አለባት፤ ደነገጠች። «ማራገቢያው ሲሠራ ጭስ ማውጫውም አንድ ቀዳዳ ነው። እሳት ካለበት ጭሱንም አመዱንም ቁልቁል ስቦ ቤትዎ ውስጥ ይደፋዋል። ለአንድ ከሰዓት ብቻ ነበር። ሲታደስም እሳቱ አይወሰድም፤ ከወለሉ ሥር የራሱ ቱቦ ያለው ምድጃ ነው የሚገባልዎ፤ አየሩን ከውጭ ይስባል፣ ከእርስዎ ጋር አይሻማም። እንዲህ ልል ነበር። ግን 'ለአንድ ከሰዓት' የሚለውን በቋንቋችሁ ማለት ስላቃተኝ... ተውኩት።»

ሴትዮዋ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቀሱ መስሏት ልትነሳ ስትል፣ ሳቁ ፈንድቶ ወጣ፤ ሳሉም ተከተለው፤ ሁለቱ ተቀላቅለው እንባቸውን አወረዱት።

«አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስኮረፍሽው ለአንድ ከሰዓት ነው?»

«አዎ፣ አክስቴ።»

«እኔም ሌሊቱን ሙሉ ስረግምሽ አደርኩ!»

ሳቁ ሲበርድ ግን ፊታቸው ተመለሰ። «አላጠፋውም» አሉ፣ ረጋ ብለው። «ለአንድ ከሰዓትም ቢሆን። እናቴ ስትሰጠኝ ለከሰዓት ይጠፋል አላለችኝም።»

«እሺ» አለች ዋይማሪዬ። ከልቧ ነበር ያለችው። ሳይለካ ሥራው እንደማይጀመር፣ ይህ ቤት ከነሻጋታው ሌላ ክረምት እንደሚጠብቅ ታውቃለች፤ ግን ሰው ያላጠፋውን እሳት አስጠፍታ የምታተርፈው ሙቀት አልታያትም። ልትሰናበት ተነሳች።

«የት ትሄጃለሽ? ተቀመጪ። ማጥፋትና ማውጣት አንድ ነው እንዴ?» አሉ አክስት ፒሪሂራ። «ሰው ቤቱ ሲታደስ ጎረቤት ይውላል። እሳትስ?»

«ሙሪ ቤት?»

«የሙሪ ቤት በኤሌክትሪክ ነው የሚሞቀው። ምን ላይ ላስቀምጠው፣ ፍሪጅ ላይ? አንቺ ቤት እንጂ።»

«እኔ ቤት የለኝም።»

ሴትዮዋ በሹራባቸው እጅጌ የመስኮቱን ላብ ጠረጉና በቅንድባቸው ወደ ውጭ አመለከቱ። ከአጥሩ ማዶ፣ እሾሃማው እንጆሪ ተጠላልፎ ባደገበት፣ አንድ የጡብ ጭስ ማውጫ ለብቻው ቆሟል። ዙሪያውን ግድግዳ የለም፣ ጣሪያ የለም።

«የሁሪያ ነው» አሉ። «የአባትሽ አያት። እንጨቱ በሰበሰ፤ ጡቡ ቀረ። እሳት ከዚህ እዚያ፣ ከዚያ እዚህ ሲዋዋሱ ነው የኖሩት፤ እሷና እናቴ።»

ዋይማሪዬ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደገፈች። በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለች። ለማንም የማይሆን ክምር ጡብ መስሏት ነበር። ጠይቃ አታውቅም፤ ሁሉን ስትጠይቅ የኖረችው ልጅ፣ ያንን አንዱን አልጠየቀችም።

*

ፍሙን በብረት ድስት ዝቀው የሰጧት አክስት ፒሪሂራ ናቸው። ተጠርቶ የመጣው ኒኮራ «እኔ ልያዘው፣ ከባድ ነው» ሲል በከዘራቸው ገፉት። «የሷ ቤት ነው። አንተ ማገዶ ያዝ።»

ሜዳው ላይ ነፋሱ ከተራራው ቁልቁል ይመጣል። ዋይማሪዬ እንዳይጠፋባት ፈርታ ድስቱን ከደነችው።

«ክዳኑን አንሺ! ልታፍኚው ነው?»

«ነፋሱ እንዳያጠፋው ብዬ...»

«ስለ አየር ስታስተምሪኝ የነበርሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ኒኮራ ሳቀ። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ዋይማሪዬም ሳቀች፤ ክዳኑን አነሳች፤ ፍሙ ነፋሱን ሲያገኝ ከጠቆረበት ቀልቶ ብልጭ አለ።

እንጆሪውን መነጠሩ። በምድጃው አፍ ደረቅ ጭራሮ አደረጉ፣ ፍሙን በላዩ አፈሰሱ። ጭሱ ተነሳ፤ ግን ወደ ላይ አልሄደም፤ ዞሮ ፊታቸው ላይ ተደፋ። አክስት ፒሪሂራ እየሳሉ ወደኋላ አሉ። ዋይማሪዬ ተንበርክካ እጇን ወደ ጭስ ማውጫው አፍ አስገባች። ምንም። የሞተ አየር።

«አይተነፍስም» አለች። ይህን ቃል በሥራዋ ብዙ ጊዜ ብላዋለች፤ ስለ ራሷ ቤት ስትል ግን የመጀመሪያዋ ነው።

ኒኮራ ጃኬቱን አወለቀ። በተሸረፉት ጡቦች ላይ እግሩን እየሰካ ወጣ፤ ክንዱን እስከ ትከሻው ከላይ አስገባ። ሣር ወረወረ። ላባ፣ የበግ ፀጉር፣ ደግሞ ሣር። ትውልድ በትውልድ ላይ የሠራው የወፍ ጎጆ እየተቆረሰ ከራሷ አጠገብ ወደቀ።

«አሁንስ?» ጮኸ ከላይ።

«አሁንም የለም!»

አንድ ትልቅ ክምር መሬት ላይ ዱብ አለ። እናም ያኔ፣ በጣቶቿ መሐል፣ አንድ ቀዝቃዛ ነገር ሽው ብሎ አለፈ። ወደ ላይ። ቀስ ብሎ፣ ኋላም በርታ ብሎ። ዋይማሪዬ እጇን ማውጣት አልፈለገችም። ማንም ሳያስገድደው፣ ማራገቢያ ሳይደረግለት፣ የአባቷ አያት ቤት ይተነፍስ ነበር።

«ይስባል» አለች።  «ኒኮራ፣ ይስባል!»

ጎንበስ ብላ እፍ አለችበት። ነበልባሉ ጭራሮውን ያዘ፤ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ።

አክስት ፒሪሂራ ከዘራቸውን ሜዳው ላይ ጣሉት። በማራኤው በር ሴቶች ቆመው እንግዳ የሚጠሩበትን ዓይነት ረጅም ድምፅ አወጡ፤ ሳል ያልነካው፣ እርጅና ያልነካው ድምፅ። የሚጠሩት ሁሪያን ነበር። ዋይማሪዬ ሁሉንም ቃል አልያዘችውም፤ አንዱን ብቻ ሰማችው፦ ልጅሽ መጣች። እንዴት እንደሚመለስ አታውቅም፤ እንባዋ ግን ሳያስፈቅዳት መለሰ።

*

ከሰዓት በኋላ አክስት ፒሪሂራ ብርድ ልብስ ተከናንበው እሳቱን ሲሞቁ፣ ሙሪ ሻይ ስታመላልስላቸው፣ በእሳቸው ቤት ውስጥ የቀሩት ዋይማሪዬና ኒኮራ ብቻ ነበሩ። ምድጃው ተጠርጎ ቀዝቅዟል። ቀዩ ማራገቢያ በሩን ሞልቶ ያጓራል፤ ቤቱ በየጥጉ ያፏጫል።

መዳፋቸውን ዘርግተው ጀመሩ። ከወለሉ ጣውላ መሐል ሰፊ ብርድ። ከመብራት ማብሪያው ሥር ቀጭን ብርድ። ከአክስት ፒሪሂራ ወንበር ጀርባ፣ ልክ ጉልበት ከሚያርፍበት ቁመት ላይ፣ እጅ የሚገፋ ነፋስ።

«አገኘነው! የጉልበቷ ጠላት» አለ ኒኮራ።

«ምን?» ማራገቢያው ድምፁን ወሰደው።

ወደ ጆሮዋ ተጠጋ። «የጉልበቷ ጠላት ነው አልኩ።» ግን አልተመለሰም። እዚያው ጆሮዋ ሥር ቆየ። «ብቻዬን ተነስቼ ባዜምልሽ ኖሮ፣ ለአንቺ ያልነገርኩሽን ያ አዳራሽ ሙሉ ሰው ካንቺ በፊት ይሰማው ነበር። ለዚህ ነው የተቀመጥኩት። ልክ አልነበረም። ተነስቼ መቆም ነበረብኝ።»

ዋይማሪዬ መዳፏን ከግድግዳው አላነሳችም። ብርዱ ጣቶቿን እየነካ ያልፋል፤ አንገቷ ላይ ግን የእሱ ትንፋሽ አለ። የትኛው ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለጋትም።

«ምን ነበር የምታዜምልኝ?» አለችው፣ እሷም በጆሮው።

«እሱን ገና አልመረጥኩም ነበር።»

«ምኑን ተነሳህ ታዲያ!»

ሳቁ። ከዚያ እሱ እጁን ከእጇ ጎን፣ ነፋሱ ላይ አደረገ። «እዚህ ለቀረነው ሰዎች ሌላም ስም አለን» አላት። «ሃው ካይንጋ። የቤት ነፋስ ማለት ነው። ልጅ ሆኜ ይገርመኝ ነበር፤ ሰው እንዴት ነፋስ ይባላል? አንቺ መጥተሽ እጄን ግድግዳ ላይ እስክታስቀምጪው ድረስ አልገባኝም ነበር።»

«አሁን ገባህ?»

«ሰው የሌለበት ቤት አይተነፍስም።»

ዞራ ተመለከተችው። ግንባሩን ግንባሯ ላይ፣ አፍንጫውን አፍንጫዋ ላይ አደረገ፤ እዚህ ሰው ለሰላምታም ለሐዘንም እንደሚያደርገው፤ ግን ለሰላምታ ከሚበቃው በላይ ቆየ። አንድ ትንፋሽ ለሁለት። ቤቱ ዙሪያቸውን እያፏጨ ነበር፤ እሷ ግን ከዚያ ቅጽበት የምታስታውሰው ጸጥታውን ነው።

*

ፀሐይ ወደ ተራራው ስትጠጋ የአክስት ፒሪሂራ ድምፅ ከሜዳው መጣ።

«አልጨረሳችሁም? ቤት ነው የምትለኩት ወይስ አገር? እሳቴን መልሱልኝ!»

ሙሪም ጨመረችበት። «ነይ ካንጋሮዬ! እኔም እጄ በብርድ ደርቋል!»

ዋይማሪዬ ድስቱን ይዛ ወጣች። ተንበርክካ ፍሙን መዛቅ ጀመረች። ድስቱ ግማሽ ሲሆን ከዘራው እጇ ላይ አረፈ።

«ይበቃል። ሁሉንም አትውሰጂው» አሉ አክስት ፒሪሂራ። «ያንን ተዪው።»

«ይጠፋል እኮ፣ አክስቴ። ማን ይጠብቀዋል?»

«እኔ ነኝ የምጠብቀው? አሮጊት ነኝ፤ የራሴ አለኝ።»

ኒኮራ አፉን ከፈተ።

«አንተ ዝም በል» አሉት፣ ሳያዩት። «ያንተ አይደለም።»

  ዋይማሪዬ የተረፈውን ፍም አየችው፤ ትንሽ ነው፤ አንድ ዕፍኝ ቢሆን ነው። ቅዳሜን አሰበች፣ የተዘጋጀውን ሻንጣ፣ ብሪዝበን ውስጥ በር ሥር መዳፏን ዘርግታ የምትጠብቀውን ያቺን ልጅ። ምን ስትጠብቅ እንደነበር ዛሬ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ፊቷን እሳቱ ይሞቃታል፤ ጀርባዋን ሰዎቹ ጋርደውላታል።

«አክስቴ» አለች። «እስከ ጠዋት እንዲቆይ እንዴት ነው የሚዳፈነው?»

አክስት ፒሪሂራ ከዘራቸውን ለኒኮራ ሰጡት።  እሳቸው ጉልበታቸውን እያማረሩ፣ በአንድ እጃቸው የሁሪያን ጡብ ተደግፈው፣ ከልጅቷ ጎን ቀስ ብለው ተንበረከኩ።

«እጅሽን አምጪ» አሏት። «አመዱን ስስ አድርጊ። እንዲህ... ስስ። መተንፈሻ ተዪለት።»